በአንዱ ቦታ ሌላው

በዚያ ዘመን አንድ አዲስ ደራሲ ከታላላቆቹ ተርታ ሲገባ አንድ ነባር ደራሲ ይወጣል፤ የጻፈውም ከመጽሐፍም ከሰው አእምሮም በዚያው ቅጽበት ይጠፋል።

ማን ገብቶ ማን እንደሚወጣ ከሚወስኑት መራጮች አንዷ ዘርትሁን ወንበሯ ላይ መደላደል አቃታት።

«ለመግባት የቀረበችው ልጅ ስለ ዛሬው ሰው ጽፋለች። የሚወጡትን ሽማግሌ ገጣሚ ግን ማን ያነባቸዋል?» አለ ሰብሳቢው። «የቀረው የእርስዎ ድምፅ ነው፣ ወይዘሮ ዘርትሁን።»

ባሏ ተካልኝ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ አንደበቱ ከተያዘ ወዲህ፣ ከአፉ የሚወጣው የሽማግሌው ግጥም ብቻ ነበር። ውሃ ሲጠማውም ስትናፍቀውም በዚያው ግጥም ይጠራታል። የልጅቷን ልቦለድ ደግሞ እያለቀሰች ነው የጨረሰችው። ልቦለዱ አይገባውም ብላ መዋሸት አልሆነላትም።

«ልጅቷ ትግባ» አለች።

ቤት ስትደርስ ተካልኝ በር በሩን እያየ ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለም። አንዲት ስንኝ ልታቀብለው ፈለገች፤ ግጥሙ ከእሷም አእምሮ ጠፍቷል። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጎኑ ተቀምጣ የልጅቷን መጽሐፍ ገለጠች።

«በል እስቲ፣ ከእኔ ጋር» አለችው፤ የመጀመሪያውን ቃል ቀስ ብላ አነበበችለት። ተካልኝ ከንፈሯን ትኩር ብሎ አየ። ደግማ አነበበችው። አሁንም ደግማ።