የአባቴ ግራ ጆሮ

አባቴ ኦቦ ኤጄታ አማርኛ አይሰሙም። እሁድ ከሰዓት ኳስ በሬዲዮ በቀጥታ ሲተላለፍ፣ ወንድሜ ቀንዓ በግራ ጆሯቸው በኩል ተቀምጦ የአስተላላፊውን ቃል ወደ ኦሮምኛ ይመልስላቸው ነበር። ቀንዓ ሰሜን ዘምቶ መርዶው ከመጣ ወዲህ ቦታው የእኔ ሆነ።

በሰባ ስምንት ከአስተማሪነት ደመወዜ አጠራቅሜ ባለሁለት ስፒከር ሬዲዮ ገዛሁ። ድምፁ ከመጥራቱ የተነሳ ስታዲየሙ አምቦ፣ እኛ ቤት ውስጥ ያለ ይመስላል።

በመጀመሪያው እሁድ ልተረጉም አፌን ስከፍት አባቴ እጃቸውን አነሱ።

«ተይ ድንቅቱ። እየነገረኝ ነው።»

«ማን?»

የግራውን ስፒከር በአገጫቸው አሳዩኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከአማርኛው አስተላላፊና ከተመልካቹ ጩኸት በቀር ምንም የለም።

«ውጤቱ ስንት ነው?» አልኳቸው።

«ሁለት ለአንድ። የመጨረሻዋ በቴስታ ነው የገባችው።»

ልክ ነበሩ።

ተነስቼ ሶኬቱን ነቀልኩ። ሬዲዮው ባትሪ አልገባበትም። አስተላላፊው ዝም አለ፤ ጫጫታውም ጠፋ። አባቴ ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ማዳመጣቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ እኔም ሰማሁት፤ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ።

«አባ፣ አሁን ኳሷ እኛ ጋ ናት።»