ኦዴሮ መንኮራኩር የጠፋበት ዕለት

«አትሩጥ! ኧረ አትሩጥ አልኩህ፣ ባባ ኩዊንተር!»

አኬዮ ከስፌት መኪናዋ ብድግ ብላ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ትቆማለች። ስክሪኑ ላይ የጠፈር ልብስ የለበሰች ትንሽ ሴት በብርቱካናማ አሸዋ ላይ ትሮጣለች። የሚያስሮጣት በልጃቸው ስም «ባባ ኩዊንተር» የምትለው ባሏ ኦዴሮ ነው፤ በጀሶ የታሰረ እግሩን ዱካ ላይ አሳርፎ፣ ጆይስቲኩን እንደ አውቶቡስ መሪ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።

«ሳይመሽ ልድረስ ብዬ ነዋ» ይላል።

«የት?»

ኦዴሮ ይህን አላሰበበትም።

ሃያ ስድስት ዓመት ከኪሱሙ ናይሮቢ አውቶቡስ ነድቷል። እግሩ ከተሰበረ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ሦስቱንም ሳምንት ኮርኒስ ሲያይና በመስኮት የሚያልፈውን ሹፌር ሁሉ ሲያማ ከረመ። ዛሬ ከምሳ በኋላ፣ ልጃቸው ኩዊንተር ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ትታው የሄደችውን ጌም ሚስቱ ስትጫወት አየና «ይቺን መንኮራኩርማ እኔም እነዳታለሁ» አለ። አኬዮ አመነታች። ጌሙ ምሕረት አያውቅም፤ አንዴ ከሞቱ የደረሱበት ሁሉ ተጠርጎ ይጠፋል። እሷ ደግሞ ሳትሞት ሁለት ዓመት ቆይታለች። ግን ፊቱን አየችና ሰጠችው።

«ሩጫ ኦክስጅን ይጨርሳል» ትላለች አሁን፣ አጠገቡ እየተቀመጠች። «የማታውቀው መሬት ላይ ቀስ ብለህ ነው የምትራመደው። ከመንኮራኩሯ ስትወርድ መብራት ተክለሃል?»

«የምን መብራት?»

«የመመለሻ ምልክት ነዋ! አንድ ኮረብታ ካለፍክ አሸዋው ሁሉ አንድ ነው።»

«እኔ መንገድ ጠፍቶኝ አያውቅም።»

«እዚህ መንገድ የለማ፣ አንተ ሰውዬ!»

ኦዴሮ ዞር ይላል። ከኋላው አሸዋ ነው። ከፊቱም አሸዋ። መንኮራኩሯ የለችም። ሰማዩ ድንገት ይደፈርሳል፤ ማስጠንቀቂያው መጮህ ይጀምራል፤ የኦክስጅኑ መስመር ቀልታ ትርገበገባለች።

«ማዕበል መጣ።» የአኬዮ ድምፅ ቀጥኗል።

«እንቺ፣ አንቺ ያዢው!»

«ስንቀባበል ትሞትብናለች። የምልህን ብቻ አድርግ። ያቺ ቀይ አበባ ታየችህ? ቅጠፋት፣ ኦክስጅን አላት።»

ይቀጥፋታል። መስመሯ ትንሽ ትረዝማለች።

«አሁን ቆፍር።»

«ልቆፍር? ላምልጥ እንጂ!»

«ከማዕበል አታመልጥም። መጀመሪያ ቁልቁል፣ ከዚያ ወደ ጎን። ግባና ጥግህን ያዝ።»

ኦዴሮ ጆይስቲኩን ቁልቁል ይገፋል። በትዳር ዘመኑ እንዲህ ሳይከራከር የታዘዘበት ቀን ትዝ አይለውም። ይቆፍራል። ትንሿ ሴት ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች፤ አሸዋው ከአናቷ በላይ ያፏጫል፤ ቀይዋ መስመር መውረዷን ታቆማለች።

ሁለቱም እኩል ይተነፍሳሉ።

«አሁንስ?»

«አሁን መጠበቅ ነው። ምንም አትንካ።»

ይጠብቃሉ። አኬዮ ከሳህኑ በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚ ዳቦ አንስታ ለሁለት ትገምስና፣ እሱ ጆይስቲኩን መልቀቅ ስለፈራ ግማሹን አፉ ውስጥ ትከትለታለች።

«ይሄን ሁሉ ማን አስተማረሽ?» ይላል እያኘከ።

«እየሞትኩ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ ሰሞን አሥራ አንዴ ሞቻለሁ።»

«አሥራ አንዴ! ለባልሽ እንኳ ሳትነግሪ?»

«ብነግርህ ልትቀብረኝ ነው?»

ሲስቅ እግሩን ያመዋል፤ ግን ይስቃል።

ነፋሱ ይበርዳል፤ ሰማዩ ይጠራል። «በል ውጣ» ትለዋለች፤ «ካርታውን ክፈት፣ መንኮራኩሯ የት እንዳለች ያሳይሃል።» ኦዴሮ ይጫናል። የተከፈተው ግን ሌላ ካርታ ነው፤ ጥቁር ሰማይ፣ በሰማዩ ላይ የተበተኑ ከዋክብትና ፕላኔቶች፣ ከየሥራቸው የተጻፈ ስም።

«ተሳስተሃል፣ ዝጋው» ትላለች ፈጠን ብላ።

እሱ ማንበብ ጀምሯል። አሄሮ። አዋሲ። ኬሪቾ። ሎንዲያኒ። ናኩሩ፣ ሌላ ናኩሩ፣ ሦስተኛ ናኩሩ። ጊልጊል። ናይቫሻ።

«ይሄማ የኔ መንገድ ነው» ይላል።

አኬዮ ከቀሚሷ ላይ የሌለ ክር ትለቅማለች። «ፕላኔት ላገኘ ሰው ስም ማውጣት ይፈቀድለታል። አንተ ስትደውል ‹የት ደረስክ?› እልህ የለ? የነገርከኝን እጽፍባቸዋለሁ።» ቀሚሷን እያስተካከለች «ሌላ ስም አልመጣልኝም» ትላለች።

ኦዴሮ እነዚያን ስልኮች ያስታውሳል። ናኩሩ ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ቻው። እሷ ምን እየሠራች እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ አያውቅም። ካርታውን ቀስ እያለ ያዞራል፤ ጥጉ ላይ ቁጥር ብቻ ያላት አንዲት ግራጫ ፕላኔት ያያል።

«ይቺስ? ስም የላትም።»

አኬዮ ፕላኔቷን ታያታለች።

«እግርህ የተሰበረ ቀን ነው ያገኘኋት፤ የዛን ቀን የደወልከው አንተ አልነበርክም» ትላለች። «ከሆስፒታል ነው የደወሉልኝ።»

ከውጭ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ያልፋል። ኦዴሮ ጠቋሚውን ግራጫዋ ፕላኔት ላይ ያሳርፋል።

«አሁንም ስም ማውጣት ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«እንግዲያው ጠይቂኝ።»

አኬዮ ዞራ ታየዋለች። «የት ደረስክ?» ትላለች፣ በስልክ እንደምትለው።

ኦዴሮ በአውራ ጣቱ የ‹ቤት›ን ፊደሎች አንድ በአንድ መፈለግ ይጀምራል። አይቸኩልም። እሷ ስክሪኑን ትታ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ታሳርፍና፣ ጽፎ እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች።