በብሎካችን ስብሰባ እጇን ያላወጣችው ሴት

«ይባረር የምትሉ እጃችሁን አውጡ!»

እንዲህ ያለው የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ እንድርያስ ነው።

አያት ኮንዶሚኒየም... እሁድ ጠዋት... ሰው ከቤተክርስቲያን ተመልሶ ግቢ ውስጥ ተሰብስቧል።

እጆች ወጡ።

ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። እኔም አወጣሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ከማውጣቴ በፊት ግራና ቀኝ አይቻለሁ። ሁሉም አውጥቷል። በቃ... አወጣሁ።

እንዲባረር የፈረድንበት ሰው ጥበቃችን ነገሳ ነው።

ዕድሜው ስልሳ ይጠጋል። ብሎኩ ሳይሠራ በፊት እዚሁ አካባቢ ጤፍ ያርስ ነበር። አሁን በራችንን ይጠብቃል። ሰባት ዓመት ሙሉ «ደህና አደራችሁ?» ሲለን አብዛኞቻችን አንገታችንን ነቅነቅ አድርገን ነው የምናልፈው።

ምን አጠፋ ካላችሁ...

ቅዳሜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አዲስ ተከራይ ገባች። ዕቃዋን ብቻዋን እየተመላለሰች ስታወጣ ደረጃ ስር ያስቀመጠችው የልብስ ስፌት መኪና ጠፋ።

ጎረቤቷ የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፈች። «የአዲሷ ተከራይ ስፌት መኪና ጠፍቷል። ያየ አለ?»

አንዱ «ጥበቃው የት ሄዶ ነው?» አለ።

ሌላዋ «እኔ ድሮም ዓይኑ አያምረኝም» አለች።

ሌላው «ባለፈው የኔም ጫማ ጠፍቷል እኮ!» አለ።

ሲመሻሽ «የት ሄዶ ነው?» የነበረው «እሱ ነው የወሰደው» ሆኖ አረፈው።

አንድም ያየ ሰው ሳይኖር...

ስብሰባው ላይ ነገሳ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ጥግ ላይ ቆሟል።

«አቶ እንድርያስ... አንድ ነገር ልናገር...»

«አንተ ዝም በል! ተራህ ሲደርስ ትናገራለህ!»



እኔ እጅ ቆጠርኩ። ሰላሳ አንድ።

«የሚቃወም አለ?» አለ እንድርያስ፣ ወረቀቱን እያጠፈ።

«እኔ እቃወማለሁ።»

ሁላችንም ዞርን።

ከኋላ ነጠላ የለበሰች፣ ዕድሜዋ አርባዎቹ ውስጥ ያለ ሴት ቆማለች። ማን እንደሆነች አላወቅናትም።

«ምክንያትዎ ምንድን ነው?» አላት እንድርያስ።

«እሳቸው ሲወስዱ በዓይኑ ያየ ሰው አለ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ሰላሳ አንድ ሰው እጁን አውጥቷል። አንድም ሰው አላየም?»



ከመሃል አንዱ ተነሳባት። «እርስዎ ምን ቸገረዎት! የእርስዎ ዕቃ አልጠፋ!»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው።

«የጠፋው የኔ ነው» አለች።



አስቡት! ቀኑን ሙሉ ስለ እሷ ስንጮህ ስንሳደብ ውለን፣ ስብሰባው ላይ ካልመጣችው ጎረቤቷ በቀር በሯን አንኳኩቶ «ምን ሆነሽ ነው?» ያላት ሰው አልነበረም። ደረጃ ላይ ያለፍናት ሰዎች እንኳን መልኳን ልብ አላልነውም።

ስሟ ለተጊዮርጊስ ነው።

«ያንን መኪና የገዛሁት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክሜ እየሸጥኩ ነው» አለች። «አምስት ዓመት! ቁልቁለቱን ወርደን መንደር ስንገባ ዕቃ ከጠፋ ‹እንጨት ተሸካሚዎቹ ናቸው› ይባል ነበር። አንድ ቀን እኔንም ሰው መሃል አቁመው ፈተሹኝ። ምንም አላገኙም። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም። መኪናዬ እንጀራዬ ናት... ቢሆንም እኚህ አባት በኔ ስም እንዲባረሩ አልፈልግም።»

ከዚያ ወደ ነገሳ ዞረች።

«አባቴ፣ ቅድም ሊናገሩ የነበረው ምን ነበር?»

ነገሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትናንት አቶ ወንደሰን ከአራተኛ ፎቅ ቤት ሲለቁ አይሱዙ መጥቶ ነበር። ጫኞቹ ደረጃ ስር ያለውን ሁሉ ጫኑ። የእነሱ መስሎኝ ዝም አልኩ። ጠፋ ሲባል ስሰማ ግን ልናገር ሦስት ቤት አንኳኳሁ... ‹አሁን አይመችም› አሉኝ።»

ከሦስቱ ቤቶች አንዱ የኔ ነበር።

እንድርያስ ስልኩን አወጣ። ቀበና ለገባው ለወንደሰን ደወለ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ወንዴ፣ ከጫናችሁት ዕቃ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና አለ እንዴ?»

«ኧረ አለ! የማን ነው? ሚስቴ ከጠዋት ጀምሮ ‹ይሄ የኛ አይደለም› እያለች ነው። ልደውልልህ ስል ነው የደወልከው!»



እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። «እኔ እጄን ያወጣሁት ሌላው ስላወጣ ነው» አልኩ።

«እኔም» አለች ያቺ «ዓይኑ አያምረኝም» ያለችው።

«እኔም...»

«እኔም...»

እንድርያስን ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ። ኩሩ ሰው ነው። ሁላችን እያየን ሄዶ ነገሳ ፊት ቆመ።

«ጋሽ ነገሳ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አንተ» ማለቱን ትቶ «እርስዎ» ሲለው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ይቅር ብያለሁ» አለ ነገሳ። «ሌላ ጊዜ ግን መጀመሪያ ጠይቁኝ።»

ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዎች ሆነን ቀበና ሄድን። ስፌት መኪናውን አመጣን። ቅዳሜ ዕለት ለተጊዮርጊስ ስትለፋ አይተን ያለፍናት ሰዎች፣ ያንን ከባድ ነገር ተሸክመን ሦስተኛ ፎቅ አወጣንላት። እየተሻማን!

እሷ ደግሞ ያን ዕለት መጀመሪያ የሰፋችው ምን መሰላችሁ? የነገሳን የተቀደደ የደንብ ልብስ!

ወዳጆቼ... ቅዳሜ የወነጀልነውም እኛ ነን፣ እሁድ የተሸከምነውም እኛው ነን። መንጋው ሲጮህ አብረን ጮህን። አንዲት ሴት ቆማ «ማን አየ?» ስትል ደግሞ ሰው መሆናችን ትዝ አለን።

ትምህርቱ ይሄ ነው... ክፉ ሳንሆንም «ሁሉም ብሏል» ብለን ብቻ ሰው ልንጎዳ እንችላለን። ደጉ ነገር፣ አንድ ሰው ደፍሮ ሲጠይቅ የሌላውም ልብ ይመለሳል።

ዛሬ የት ነው የምትኖረው ስባል ደረቴን ነፍቼ «የለተጊዮርጊስ ጎረቤት ነኝ» እላለሁ!

እናንተስ... ሰው ሁሉ አንድን ሰው ሲኮንን ብቻችሁን «ቆይ እስቲ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ እንደኔ ግራና ቀኝ አይታችሁ ተከትላችኋል? ሳትዋሹ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ...