አንድም ሰው አልጎደለም

ወሬውን ሬዲዮው ያወጣው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። በሰሜን ግንባር በወንበዴ እጅ የነበሩ ሰባ ሁለት ምርኮኞች፣ ጀግናው ሠራዊት በሄሊኮፕተር ባካሄደው ድንገተኛ ዘመቻ ነፃ ወጥተዋል፤ አንድም ሰው አልጎደለም። ከዚያ የመኮንኖቹ ስም ተነበበ። አራተኛው መቶ አለቃ ግዛቸው ነበር፣ የአሰለፈች አንድ ልጅ።

አሰለፈች ሮም ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሲኞራ ጆቫናን ቤት ትሠራለች። እስከ ግንቦት እዚያው ታድር ነበር፤ አሁን ግን ቶር ፒኛታራ ሠፈር አንዲት ክፍል ተከራይታለች። የሲኞራዋ አልጋ ወገቤን ጨረሰው ትላለች።

ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኛ ሁሉ እረፍት ስለሆነ፣ ሐበሻው ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። በዚያ ሐሙስ አሰለፈችን ያልሳመ የለም። እንኳን ደስ አለሽ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እሷ ግን ፊቷ አልተፈታም።

"በሐምሌ?" አለች። "በዚያ ዝናብና ጭጋግ ሄሊኮፕተር የት ያርፋል?"

እውነትም የት ያርፋል? ጥርጣሬ ደግሞ አንዴ ከተነሳ ማን ይመልሰዋል። አንዷ ጋዜጣ ላይ የወጣውን ፎቶ አይታ፣ ምርኮኞቹ ከሠርግ የመጡ ነው የሚመስሉት አለች። የዚያኛውን ወገን ሬዲዮ ተደብቃ የምትሰማው ኣኽበረት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ካምፑ ባዶ ነበር አሉ። ሄሊኮፕተሩ ሲደርስ ሰው የለም።"

"ታዲያ ሰዎቹን ምን በላቸው?" አለች መዓዛ፣ የአሰለፈች ጓደኛ።

 ሁሉም አንድ ነገር አሰቡና አሰለፈችን ቀና ብሎ ማየት ፈሩ።

ያልተጠራጠረው ጌጡ ብቻ ነው። ጌጡ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ ለመንግሥት ወሬ እንደሚያቀብል ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። በየሐሙሱ እየመጣ ይጠይቃታል።

"እትዬ አሰለፈች፣ ግዛቸው ጻፈልዎት?"

"አልጻፈም።"

"የት እንዳለም አልሰሙም?"

"ሬዲዮው አይደል እንዴ ከጓዶቹ ጋር ነው ያለው? እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?"

"ቫ ቤኔ፣ እሺ እትዬ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሲጽፍልዎት ግን መጀመሪያ ለእኔ ይንገሩኝ።"

እሱ ዞር ሲል መዓዛ ከንፈሯን ነከሰች። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ይሄ ሰው መሞቱን ያውቃል፤ ደርሰሽበት እንደሆነ ነው የሚሰልልሽ" አለች።

አሰለፈች ከሳች። ማታ ማታ ሁለት ሁለት ዳቦ ይዛ ትገባለች፣ ሰውነቷ ላይ ግን አይታይም።

መስከረም ገባ፤ ደብዳቤ የለም። የመዓዛ እህት ከአዲስ አበባ በሰው ላከችባት። ከመኮንኖቹ አንድም ቤቱ የገባ የለም፤ ሚስቶቻቸው ጥቁር ለብሰዋል። ይህ ከተሰማ በኋላ ዝም ማለት ነውር ነው፣ መርዶ መነገር አለበት።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ቤት ድረስ ተሂዶ ነው። አሰለፈች ግን ሰው ቤቷ አታስገባም፤ አከራይዋ ሊኖ እንግዳ አይወድም። ስለዚህ እሑድ ጠዋት፣ መዓዛ ታማለች ብለው አስጠሯት። ስትገባ የመዓዛ ክፍል በሰው ተሞልቷል። የታመመ ሰው የለም።

ሁሉን ያወቀችው ከደጃፉ ነው። ነጠላዋን ጣለች፣ ደረቷን መታች፣ "ልጄን፣ አንድዬን" እያለች ወለሉ ላይ ወደቀች። ያን ለቅሶ የሰማ ሁሉ አብሮ አለቀሰ። ጌጡ እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ በመሐረብ ዓይኑን ጠረገ።

እንደ ደንቡ ፎቶውን አምጪ አሏት። እሱን የማይበት ዓይን የለኝም አለች። መዓዛ ኢየሩሳሌም ላሉት መነኮሳት ጽፌ ፍትሐት ላስደርግለት ስትላት ደግሞ በድንጋጤ እጇን ያዘቻት።

"አስከሬኑን ሳላይ ፍትሐት የሚባል አልሰማም። ተይ መዓዛ፣ በእግዚአብሔር።"

የእናት ሆድ ነው ብለው ተዉአት።

ጌጡ ሊሄድ ሲል አጠገቧ በርከክ አለ። "አሎራ፣ እንግዲህ እግዜር ያጥናዎት እትዬ። ስለ እሱ የሚጠይቅዎት ሰው ከእንግዲህ አይኖርም፤ ሞቷል ብዬ እኔ ለኤምባሲው እጽፍላቸዋለሁ።"

አሰለፈች አንገቷን ደፋች። ቀኑን ሙሉ እህል ባፏ አልዞረም። መዓዛ አብሬሽ ልደር ብትላት ክፍሌ ጠባብ ነው አለች። ለቅሶ ደራሾቹ ካመጡት ምስርና ዓሣ ግን በሳህን ሞልተው በፎጣ ቋጥረው ሲሰጧት እምቢ አላለችም። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ትራሙን ይዛ ቶር ፒኛታራ ወረደች።

በሩን ከውስጥ ቆለፈች፣ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ እንባዋን ጠራረገችና "ተነስ ግዛቸው፣ ብላ" አለች፤ "ጌጡ ሳይቀር አልቅሶልሃል።"