ይሄ የእኛ ቅጠል አይደለም

«አንዲት ቅጠል ብቻ አምጪልኝ፤ እርጥቧን፣ እንዳለች» ትላለች ቆራጯ፣ ምላጯን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች። «ዛፉን ቆርጠው ሳይጨርሱት ከራሷ ላይ ልቁረጥ።»

ከመስኮቱ ሥር የሞተር መጋዝ ይጮኻል። ነዳፊዋ ሻሿን አጥብቃ ሦስት ፎቅ ደረጃ መውረድ ትጀምራለች፤ በየእርከኑ ጉልበቷን እየረገመች።

ነዳፊ የሚሏት የጨርቅ ንድፍ ስለምታወጣ ነው። ምላሷን የቀመሱት ግን በሌላ ምክንያት ነው ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሷ ታስባለች፣ ቆራጯ ያሰበችውን ካርቶን ላይ በምላጭ ትበሳለች፤ ከዚያ በቀዳዳው ቀለም እየመቱ ጣቃውን ጨርቅ ቅጠል በቅጠል ያደርጉታል። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም። «የተማረው መጥቶ ይቅዳን!» ሲሉ ኖረዋል። ቅጠሉ መስኮታቸው ላይ የቆመው ዛፍ ቅጠል ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጥላው ጠረጴዛቸው ላይ ይርገበገባል።

ካርቶን ቀለም ሲጠጣ ይበሰብሳል። በበሰበሰ ቁጥር ቆራጯ አሮጌውን በአዲሱ ላይ ታስተኛና ዙሪያውን ትቆርጣለች። ወደ ዛፉ የተመለሰ የለም። ዛፉ እዚያው ነው፣ የት ይሄዳል? ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የቆራጯ ዓይን መደብዘዝ ያዘ። እሷም አላይም ብላ አታውቅም፣ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ቅጠሉ ግን በየዓመቱ ወፈረ፤ የዳሩ ጥርስ ረገፈ፤ ጫፉ ዶለዶመ። ነዳፊዋ አይታለች። የባሏ ሬሳ ሳይወጣ «ደግ ነበር አትበሉኝ፣ ሰነፍ ነበር» ያለች ሴት፣ እዚህ ላይ ስትደርስ ዝም አለች።

ትናንት ቆራጯ በሌለችበት ነጋዴው መጥቶ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«እማማ፣ ይሄ ቅጠል ነው የአህያ ጆሮ? እዚህ ለሚሠራው ሕንፃ መጋረጃ ነው የታዘዝኩት። ነገ ቀትር ላይ ቅጠል የሚመስል ቅጠል ካላሳያችሁኝ በኮምፒውተር ለሚያትሙት ልጆች እሰጠዋለሁ። ከእናንተም ጋር በዚሁ እንለያይ።»

ለቆራጯ የነገረቻት ግማሹን ነው። «ካርቶኑ አርጅቷል፣ አዲስ ቁረጡ ብሏል» ነው ያለቻት።

ዛፉን ለሕንፃው ይቆርጡታል፤ ለሕንፃው መስኮት ደግሞ ቅጠሉን በመጋረጃ ያዛሉ! ከተማ ማለት ይሄ ነው ትላለች ነዳፊዋ በልቧ፤ ገድሎ ፎቶውን የሚሰቅል።

ውጪ ግማሹ ዛፍ መንገዱ ላይ ተጋድሟል። ግንዱ በመስኮታቸው በኩል ካለው ቅርንጫፍ ጋር ገና ቆሟል።

«እናቴ፣ ይራቁ! ይወድቅብዎታል!» ይላል ባለመጋዙ።

«ይውደቅብኛ! ካንተ ይልቅ እሱ ያውቀኛል።»

«እኔኮ ታዝዤ ነው።»

«ያልታዘዘ ማን አለ!»

ጎንበስ ብላ ከወደቀው ቅርንጫፍ አንድ ቅጠል ትቀነጥሳለች። ዓይኗ ላይ አስጠግታ ታየዋለች። ቀጭን ነው። ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ፣ ጫፉ እንደ መርፌ። ቀን በቀን እያተመችው፣ ለካ እሷም ረስታዋለች።

ሽቅብ ስትመለስ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ቅጠሉን በቆራጯ መዳፍ ላይ ታስቀምጠዋለች። የቆራጯ ጣቶች በዳሩ ላይ ይሄዳሉ፣ ጫፉ ጋ ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅጠል ነዋ።»

«የምን ቅጠል? ይሄ የእኛ ቅጠል አይደለም። የእኛዋ ሰፊ ናት፣ ዳሯ ልስልስ ያለ።» ቅጠሉን ወደ ጠረጴዛው ትገፋዋለች። ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «ዓይኔን ጠርጥሪው፣ አልቀየምሽም። እሱ ከሄደ ቆይቷል፣ እንደምታውቂም አውቃለሁ። ጣቴን ግን እንዳትጠረጥሪብኝ። እሱም ከሳተ ምን ቀረኝ?»

ነዳፊዋ አፏን ትከፍታለች። ዕድሜዋን ሙሉ «እውነት ተናግሬ ከመሸበት አድራለሁ» ስትል የኖረች ናት። ቀትር ሊሆን ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ይህን ቅጠል እንዳለ ብታስቆርጣት ነጋዴው አፉ ይዘጋል፤ ሥራውም ይተርፋል።

«ተሳስቼ ነው» ትላለች። «የሌላ ዛፍ ነው። ተደባልቆብኝ።»

«አንቺ? አንቺ ተሳሳትሽ?» ቆራጯ እስክታስል ትስቃለች። «ዛሬስ ምፅዓት ነው!»

«ጃጅቻለሁ፣ በቃ! አታድርቂኝ።»

«ነይ እንግዲህ አሮጌውን አቀብዪኝ፤ በእሱው ልቁረጥ። ነጋዴው ደስ ይለዋል?»

«ምን ቆርጦት ደስ አይለውም!»

እርጥቧ ቅጠል በነዳፊዋ ጭብጥ ውስጥ ትገባለች። ቆራጯ ያበጠውን አሮጌ ካርቶን በአዲሱ ላይ ታስተኛለች፤ በአውራ ጣቷ ዳሩን ትዳብሳለች፤ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አዎ፣ ይቺ ናት። ምላጩ መሄድ ይጀምራል።

ከታች መጋዙ ጸጥ ይላል። አንድ ሰው ይጮኻል። ከዚያ ወለሉ ከእግራቸው ሥር ይንቀጠቀጣል፤ የቀለም ቆርቆሮዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

ወዲያው ክፍሉ ሠላሳ ዓመት ባላየው ብርሃን ይሞላል። የግድግዳው ስንጥቅ፣ የጨርቁ አቧራ፣ የሁለቱ ሴቶች እጅ ላይ የተጋገረው ቀለም፣ ሁሉም ይገለጣል።

ቆራጯ ቀና ትላለች። «ምነው ሞቀኝ? መስኮቱን ከፈትሽው እንዴ?»

«አዎ» ትላለች ነዳፊዋ። «ከፈትኩት።»

ምላጩ ወፍራሙን ቅጠል ይዞራል። ካርቶኑ ላይ ከእጇ ጥላ በቀር ሌላ ጥላ የለም።