ቀስ እና ጮክ

«ኧረ ጠንከር አድርገው ይምቱት፣ እትዬ! እንዲህ ከሆነ መቃኘቱን በምን ያውቁታል?» አለ ፒያኖ ቃኚው፣ ክሮቹን ያጠበቀበትን መፍቻ በጨርቅ እየጠረገ።

ሴትዮዋ ቁልፎቹን የምትነካው የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባት የፈራች ይመስል ነበር። ባሏ ካረፈ ወዲህ የፒያኖው ክዳን ሲከፈት ገና ዛሬ ነው፤ እሱም ነገ ገዢው ሊወስደው ስለሆነ ነው። «ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ይሠራልኛል?» ብላ ቆርጣለች።

ባሏ የሙዚቃ አስተማሪ ነበር፤ ሲጫወት መስኮት ያንቀጠቅጣል። እሷ ከጓዳ «ኧረ ቀስ!» ስትለው፣ ሳይሰለቸው ሁልጊዜ ያንኑ ይመልስላት ነበር።

«ቀስ እኮ የፒያኖ ግማሽ ስሙ ነው፣ የኔ እመቤት! ከዚህ በፊት የነበረው ባለቁልፍ መሣሪያ ቢዳብሱትም ቢደበድቡትም ድምፁ ያው ነበር። ይሄኛው ግን ለእጅ ስለታዘዘ በጣሊያንኛ ‹ፒያኖ ፎርቴ› አሉት፤ ቀስ እና ጮክ። ሰው ስሙ ሲረዝምበት ጮክን ጥሎ ቀስን ይዞ ቀረ። እኔ የተጣለውን እያነሳሁ ነው።»

ያኔ ታኮርፍ ነበር። አሁን ቤቱ ቀስ ብቻ ሆኗል፤ በሩም ቀስ፣ ማንኪያውም ቀስ፣ እሷም ቀስ። ናፈቃት፤ ከነጩኸቱ ናፈቃት።

ሁለት እጇን አንስታ በኃይል አሳረፈቻቸው። ዜማ አልነበረም፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ግን ተንጫጩ።

ወዲያው ግድግዳው ተደበደበ። ጎረቤቷ ናት፣ እንደ ዱሮው በመጥረጊያ እንጨት። ይህቺ ሴት «እንቅልፍ ነሳኝ» ብላ የሴትዮዋን ባል ያልከሰሰችበት ቦታ የለም።

ብዙ ሳይቆይ በሩ ተበረገደ። ጎረቤቷ መጥረጊያዋን እንደያዘች፣ አንድ እግሯ ላይ ጫማ ሳታደርግ ብቅ አለች። ዓይኗ ቀድሞ የሄደው ወደ ፒያኖው ወንበር ነው። እዚያ ሴትዮዋን ስታይ ትከሻዋ ወደቀ።

«እኔ እኮ... እሱ መስሎኝ» አለች። «ምን ዓይነቷ ጅል ነኝ!»

«ይቅርታ እህቴ፣ ከእንቅልፍሽ...»

«የምን እንቅልፍ? ይሄ ቤት ዝም ካለ ወዲህ መቼ ተኝቼ አውቃለሁ! የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ብለሽ ሳቂብኝ እንግዲህ።»

ማንም አልሳቀም። ቃኚው መፍቻውን አስቀመጠና «ለገዢው አልቋል ልበለው?» ሲል ጠየቀ።

«እንዳይመጣ ንገርልኝ» አለች ሴትዮዋ።

ጎረቤቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ መጥረጊያዋንም ጉልበቷ ላይ አጋደመች። ሴትዮዋ ከልማዷ የተነሳ ቁልፎቹን በስሱ ነካ አደረገቻቸው።

«ኧረ ጮክ!» አለቻት ጎረቤቷ።