የምትመጣው ልጅ

ገብስ አጨዳ ላግዝ አገሬ ስማዳ ሄጄ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ንፋስ መውጫ እንደተመለስኩ የኮሌጅ ምዝገባ ቅጼን ላስፈርም አማካሪዬ መምህር ሙሉቀን ቢሮ ገባሁ።

«ሩት ሰኞ ተመዝግባለች» አሉኝ።

«ሩት እኮ እኔ ነኝ! ሁለት ዓመት አስተምረውኝ?»

«እንዲህ እንደምትይ ነግራኛለች። ‹እኔን የምትመስል ልጅ ትመጣለች፤ ታለቅስብዎታለች፤ እንዳያምኗት› ብላኛለች።»

ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር ማንም የማያውቀውን የክርስትና ስሜን ነገርኳቸው፦ ወለተ ሚካኤል።

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «‹እሱንም ትነግርዎታለች› ብላኛለች።»

እንዳላለቅስ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ።

ከኋላዬ በሩ ተከፈተ።

«መምህር፣ መጣች እንዴ?» አለ የገዛ ድምፄ።